ዋልያ ለማየት የወጣ ዕቅድ

ተጓዦቹን አስቀድሜ በስም ላስመዝግብ። አንደኛ ባለቤቴ ስመኘው፤ ተማሪ ካጣ የቆየ የፊዚክስ መምህር፣ የጉዞው ሾፌርና የቤንዚን ጀሪካኑ ጠባቂ። ሁለተኛ አማቴ ወይዘሮ ጥሩአየሁ፤ ከቋሪት ገበዝ ማርያም መጥተው ፍኖተ ሰላም ከእኛ ጋር የሚኖሩ፣ በሰዓት ሳይሆን በቅዱሳን የሚመሩ። ሦስተኛ ልጄ ሶስና፤ ዘጠኝ ዓመቷ፣ የእጅ ጽሑፏ ከእኔ የሚያምር። አራተኛ ልጄ ናሆም፤ አምስት ዓመቱ፣ የሚፈልገው አንበሳ ብቻ። አምስተኛ እኔ፤ በወረዳ ጽሕፈት ቤት የዕቅድ ባለሙያ፣ የሰንጠረዡ ባለቤት። ስድስተኛዋ ቡሬ የምትኖረው የስመኘው እኅት እቴነሽ ናት። እሷ በመጀመሪያው ሰንጠረዥ ላይ አልነበረችም።

የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል ይባላል፤ ሳያቅድ የሚያለቅስና አቅዶ የሚያለቅስ። እኔ ሦስተኛ ወገን አለ ብዬ አምን ነበር። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለወቀሳ ሲጠቅሰው፣ እኔ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ እንደ መመሪያ ነው የያዝሁት። ታዲያ ቤተሰቤን ይዤ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ልወጣ ስነሣ ምን ያህል መጥኜ እንደደቆስሁ ገምቱ። ሰንጠረዡ መነሻ፣ መድረሻ፣ ሰዓት፣ ኃላፊ፣ የታዩ እንስሳትና ምርመራ የሚሉ አምዶች ነበሩት። ሶስና በራስጌው ላይ ቀንዱ ወደ ኋላ የታጠፈ ዋልያ ሣለችበት።

አማቴ ገና ሲሰሙ ተቃወሙ። በፓርኩ እናየዋለን ያልኋቸው ጭላዳ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ፤ የዝንጀሮ ዘመድ ነው አልኋቸው። «ዝንጀሮ!» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ከበቆሎዬ ላይ በወንጭፍ ሳባርረው የኖርሁትን ፍጡር፣ እናንተ ነዳጅ አቃጥላችሁ ደጁ ድረስ ልትሄዱለት?» ቀን ስንመርጥ ደግሞ በአሥራ ሁለት ሚካኤል፣ በሃያ አንድ ማርያም፣ በሃያ ሰባት መድኃኔ ዓለም እያሉ ወሩን እንደ ዳቦ ቆርሰው ለቅዱሳን አደሉት። የተረፉት ቀናት ረቡዕና ዓርብ ላይ ዋሉ። በጾም ቀን ስንቅ ምን ይቋጠራል?

በመጨረሻ ስመኘው ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንሂድ አለና አስታረቀን። ትምህርት ቤቱም ተዘጋ፤ ግን ከክረምት በፊት ነው፣ ላልታወቀ ጊዜ። መንገዱም በጸጥታው ምክንያት አብሮት ተዘጋ። «ላልታወቀ ጊዜ» በየትኛው አምድ ይገባል? እኔ ሶስናን በቤት ውስጥ በክፍለ ጊዜ ማስተማር ጀመርሁ። የሦስተኛ ክፍል መጽሐፏን ሦስት ጊዜ ጨረሰችው፤ በአራተኛው ዙር የመጽሐፉን ስሕተት ታርም ጀመር። ስመኘው በበኩሉ ከዚህም ከዚያም ቤንዚን እየለቀመ ጀሪካኑን ይሞላል። ለፓርኩ መግቢያ ለደባርቅ ነው፤ ማንም አይነካውም።

ከዚያ መንገዱ ሰላም ሆነ ሲሉ የሚኒባስ ረዳቶች አወሩ። ሌላ ሴት ብትሆን ልጆቿን ጭና ወደ ሰሜን ትገሠግሥ ነበር። እኔ ግን ሥርዓት ወዳድ ነኝና አስቀድሞ የሙከራ ጉዞ ይደረግ አልሁ፤ እስከ ቡሬ ብቻ። ዛሬም ሳስበው፣ ያችን አንዲት ሐሳብ ባላመጣ ኖሮ እላለሁ።

ናሆም ከከተማው ሳንወጣ «ሽንቴ መጣ» አለ። ሽንቱ ሦስት ጊዜ ከመጣ በኋላ ቁርሱ ተከተለ፤ በአማቴ ነጠላ ላይ። «ይኸስ በወረቀትሽ ላይ አለ፣ የኔ ምሁር?» አሉኝ። «በምርመራ አምድ ይያዛል፣ እማማ» አልሁ። ስመኘው እስኪያስለው ሳቀ። መዝጋቢዋ ሶስና ነበረች፤ ወረቀቱን በጉልበቷ ላይ ዘርግታ ሁሉን ትጽፋለች።

ቡሬ መግቢያ ላይ ልጆች መንገድ ሊሻገሩ ተሰልፈው አገኘንና ቆምን። ሶስና ግንባሯን ከመስኮቱ ጋር አጣብቃ ቀረች። ካለፉ በኋላም ዞራ በኋላው መስታወት አየቻቸው።

እቴነሽ ቤት ደርሰን ወረቀቱን ተቀበልኋት። «የታዩ እንስሳት» የሚለውን አምድ በሁለት መስመር ሰርዛ፣ ከሥሩ በዚያ ውብ ጽሑፏ እንዲህ ብላለች፦ «ተማሪዎች፣ አሥራ አራት። ዩኒፎርማቸው ሰማያዊ ነው። አንዷ ቆማ ጫማዋን አሰረች።»

ለስመኘው አቀበልሁት። አንብቦ አጠፈው፤ ደግሞ ዘረጋው። እቴነሽ በትከሻው ላይ አንብባ ነበርና የቡሬው ትምህርት ቤት ተከፍቶ እንደሚያስተምር፣ ከቤቷም ጀርባ መሆኑን፣ ደወሉ ሲደወል ጓዳ ድረስ እንደሚሰማ ነገረችን። «ልጅቷን ተዉልኝ» አለች።

ልጄን በሰው ቤት አላሳድግም አልሁ። ስሕተት ነበር። አማቴ ነጠላቸውን አስተካክለው «የእኔ ልጅ ቤት ነው የሰው ቤት?» አሉ። ይቅርታ ጠይቄ፣ ራሴ እያስተማርኋት እንደሆነ ማስረዳት ጀመርሁ። «አንቺ ልጅ» አሉኝ ዝግ ብለው፣ «ዘር በጎተራ ተጠንቅቆ ቢከርም ለነቀዝ ነው።» መንገዱ እንደገና ቢዘጋስ አልሁ። ሁሉም ወደ ሶስና አየ። እሷ እቴነሽን «አራተኛ ክፍል ይቀበሉኛል?» ስትል ጠየቀቻት።

ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ። ድስት ተጥዷል። መጥኜ የደቆስሁት እኔ፣ ድስቱ አጠገብ ቆሜ አለቀስሁ። እቴነሽ ተከትላኝ ገብታ ሽንኩርትና ቢላዋ አስጠጋችልኝ፣ ምክንያት እንዲኖረኝ።

ስወጣ ስመኘው የደባርቁ ቤንዚን ስንት ጊዜ ቡሬ አድርሶ እንደሚመልስ ያሰላ ነበር። ናሆም አንበሳውስ አለ። አንበሳው ይቆየናል፣ እስከዚያ ወደዚህ እየመጣን ሶስናን እናያለን አልነው። «እሷን ልንጎበኝ?» አለ ተገርሞ። «ቤታችን ያለችውን?»

ሰንጠረዡን ዘረጋሁ። «መድረሻ» ከሚለው አምድ ሥር ሰሜን ተራሮችን ሰርዤ «ሶስና» ብዬ ጻፍሁ፤ ሰዓቱን «መንገድ ሲከፈት» አልሁት። አማቴ አሜን አሉ፣ ስመኘው ራሱን ነቀነቀ፣ ናሆምም ብስኩት ተሰጥቶት ተስማማ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ቃለ ጉባኤውን፣ የእጅ ጽሑፏ ስለሚያምር፣ የጻፈችው ሶስና ናት።