በይፍሩ ቤት ሐዘን አለ

ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይላሉ። እኔ ፈቺ የለኝም። ሕልሜን የምትፈታልኝ ሚስቴ ነበረች፤ እሷም የለችም። ስለዚህ ትናንት ሌሊት ያየሁትን እንዳለ እጽፈዋለሁ። ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ፊደሉን የተማረ ያርመው።

በሕልሜ አንድ ኮምፒውተር በብብቱ ሸጉጦኝ መንገድ ለመንገድ ይሄዳል። በፌስታል ጠቅልሎኛል፤ ጭንቅላቴ ብቻ ነው ብቅ ያለው። ቀና ብዬ ሳየው ዐወቅሁት። የእድራችን ኮምፒውተር ነው፤ ያ አቧራ የጠጣው፣ ሲነሳ እንደ ሽማግሌ የሚያስለው።

ይኼን ኮምፒውተር ሳላስተዋውቃችሁ ብቀጥል ነገሩ አይገባችሁም። እኔ ይፍሩ የእድራችን ጡሩንባ ነፊ ነበርኩ። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ እነሳና ጡሩንባዬን እየነፋሁ፣ የሟችን ስም ከነአባቱ፣ የማን ባል፣ የማን እናት እንደሆነ፣ ቤቱ ከወፍጮ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ እየለፈፍኩ ሰፈሩን አዳርሳለሁ። በኋላ ሰፈሩ ፈረሰ፤ ሰዉም በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ፤ የእኔ ግቢ ብቻ ዳር ላይ ተረፈች። ያኔ ሊቀመንበራችን አቶ ዳምጠው በስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ «የይፍሩ ጡሩንባ አራተኛ ፎቅ አይወጣም» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። ጡሩንባዬንም የእድሩ ንብረት ነው ብሎ ዕቃ ቤት ቆለፈበት። በምትኩ ኮምፒውተር መጣ። ከጀርባው ሲም ካርድ የያዘች ጣት የምታክል ዕቃ ተሰክታበት ለአባላቱ ሁሉ መልእክት ይልካል። ዳምጠው ደግሞ ረጅም መልእክት ካርድ ይበላል ባይ ነው። የሚጽፈው «በእገሌ ቤት ሐዘን አለ፤ ቀብር ስድስት ሰዓት» ብቻ ነው። ማን እንደሞተ ሄዳችሁ እዩት ነው ነገሩ።

ከዚያ የእኔ አስካለ ሞተች። ሐዘንተኛ የራሱን ሐዘን ራሱ አይለፍፍም። ዳምጠው «መልእክቱን ልኬዋለሁ፤ አንተ አልቅስ» አለኝ። አለቀስኩ። ሰው ግን አልመጣም። ድንኳኑ ውስጥ ከሰው ይልቅ አግዳሚ ወንበር ይበዛ ነበር። ሣጥኗን የተሸከሙልን ከመንገድ የለመንናቸው የቀን ሠራተኞች ናቸው። በኋላ ዳምጠውን ብጠይቀው፣ «መልእክቱ ወጥቷል። ሰው ካልመጣ የራስህን ጠባይ ጠይቅ» አለኝ።

ይህችን ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ውስጥ ይዣት ሦስት ዓመት ኖርኩ። ሰው ሰምቶ ነው የቀረብኝ ወይስ ሳይሰማ? ይህን የሚያውቅ ያ ኮምፒውተር ብቻ ነው። እሱም ከአስካለ ቀብር ወዲህ አልነሳ ብሎ ዕቃ ቤት ሲሻግት ከረመና፣ ሰሞኑን ዳምጠው ለቆራሌው ሸጠው። ሬዲዮኔን ሰጥቼ ከቆራሌው እጅ አስለቀቅሁት። ከነዚያች ጣት ከምታክል ዕቃው ትርሲት ለምትባል ኮምፒውተር ጠጋኝ ወሰድኩት። «ጋሼ፣ ሁሉም ነገር ያለው ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው። እሱ ከተነሳ ውስጡ ያለውን አወጣልዎታለሁ። ካልተነሳ ግን ተስፋ የለውም። ጠዋት ይደውሉልኝ» አለችኝ። በዚህ ልብ ነው የተኛሁት።

እናም በሕልሜ ኮምፒውተሩ በብብቱ እንደያዘኝ ትርሲት ሱቅ ደጃፍ ደረሰ። ደጃፉ ላይ ኮምፒውተሮች ተሰልፈዋል፤ ሁሉም የየራሱን ሰው ይዟል። አንዱ የያዘውን ሰውዬ በእግሩ አንጠልጥሎ ያራግፈዋል። ከፊታችን የቆመ ቀጭን ላፕቶፕ ዞር አለ።

«ያንተስ ምን ሆኖ ነው?»

«አልሠራ አለኝ» አለ የእኔው። «በከፈትኩት ቁጥር አንድ ወሬ ብቻ ነው የሚያወራው። ሦስት ዓመት ሙሉ።»

«አጥፍተህ መልሰህ ብታበራውስ?»

«ይተኛል፣ ይነሳል፤ ያው ነው።»

«የድሮ ሥሪት ነው፤ መለዋወጫ የለውም። ጣለው።»

«ልጥለው ነበር። ውስጡ የኔ ዕቃ አለ።»

ልናገር አፌን ስከፍት ፌስታሉ ገባበት። ላፕቶፑ ጎንበስ ብሎ አየኝና «ይሞቃል ደግሞ» አለ።

በሩን ስናልፍ ሱቁ የእድሩ ዕቃ ቤት ሆነ። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ግን ሰዎች ናቸው፤ አባላቱ፤ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው፣ ጀርባቸው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸው። ዕቃዎቹ መሬት ላይ ተሰብስበዋል። ብረት ድስቶቹ ከፊት፣ ድንኳኑ ተጣጥፎ ከኋላ። ዳምጠው በአራት እግሩ ተንበርክኳል፤ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ተቀምጠውበታል። አልዋሽም፣ እሱን ሳይ ሕልሙ እንዳያልቅ ተመኘሁ።

የሚመራው ትልቁ የሻይ ማንቆርቆሪያ ነበር። ክዳኑን አንስቶ እንደ ባርኔጣ ጎኑ አስቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«አጀንዳችን አንድ ነው። ይህ ይፍሩ የተባለ ንብረት ይጠገን ወይስ ይወገድ?»

አንዱ አግዳሚ ዳምጠው ላይ እንደተቀመጠ እጁን አወጣ። «እኔ የምመሰክረው አለኝ። በሚስቱ ቀብር ቀን ቀኑን ሙሉ ባዶዬን ዋልኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ በርዶኝ አያውቅም።»

«እኔም ንፍሮዬን እንደያዝኩ አደርኩ» አለ ብረት ድስቱ። «የሚቀምሰው አፍ አልነበረም።»

«እንግዲያው ጥያቄው» አለ ማንቆርቆሪያው፣ «መልእክቱ ወጥቷል ወይስ አልወጣም?»

«ወጥቷል» አለ ዳምጠው ከሥር።

«ዕቃ በስብሰባ አይናገርም» አለው ማንቆርቆሪያው።

ሁሉም ወደ ኮምፒውተሩ ዞሩ። ኮምፒውተሩ አሳለ፣ አሳለ፣ አቧራውን ተፋና፣ «እኔ ረስቼዋለሁ። እሱ ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት» ብሎ በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ።

«እኔ ውስጥ ምንም የለም» አልኩ። «እኔ ራሴ ነኝ የምፈልገው።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለች አንዲት ጭልፋ።

ያኔ ጡሩንባዬ በመስኮት ገባ። ሰላም ሳልለው አንገቴን ያዘና አፉ ላይ ደግኖ ነፋኝ። በሕይወቴ ስነፋው የኖርኩት እኔ ነኝ፤ መነፋት ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ሆዴ ድረስ ነፋስ ገባ፤ ካፌም ስሞች ይወጡ ጀመር። ወይዘሮ በለጥሻቸው፣ የአናጢው የአቶ ጓንጉል እናት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። አቶ ሸዋቀና፣ የልብስ ሰፊዋ ባል፣ ከቧንቧው ፊት ለፊት። የለፈፍኩላቸው ሙታን ሁሉ ስማቸው ሲጠራ ዣንጥላቸውን ይዘው እየገቡ መጡ። ተራ በተራ እጄን ይጨብጡኛል።

«አለህ አሉ። እግዚአብሔር ያጽናህ።»

«ድንገት ነው ወይስ ቆይተሃል?»

«ምን ይደረግ፣ መኖር ያለ ነው። ሁላችንም ያለፍንበት ነው።»

ወይዘሮ በለጥሻቸው በመዳፏ ደረቴን ነካችና፣ ልቤ ሲመታ ሰምታ ከንፈሯን መጠጠች። «ገና ነው፤ አይዞህ» አለችኝ።

አንድ ስም ብቻ ቀረ። «አሁን የእሷን» አለ ጡሩንባው፤ ነፋኝ። አፌን ከፍቼ «አስካለ» ልል ስል «መልእክትዎ ተልኳል» አልኩ። ደግሞ ነፋኝ። «መልእክትዎ ተልኳል።» ደረቴን ደቃሁ፣ ምላሴን በጣቴ ያዝኩ፣ ያው ነው፤ የሚወጣው ያ ቃል ነው፣ ድምፁም የዳምጠው ነው። ሙታኑ ሰዓታቸውን ያዩ ጀመር።

«ቀብር ስድስት ሰዓት ነው ብለውን ነበር» አለ አቶ ሸዋቀና። «የማን እንደሆነ ግን አልሰማንም።»

«የአስካለ ነው» ልለው ፈለግሁ። «ተልኳል» አልኩት። ዣንጥላውን ዘረጋና ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት። ከኋላቸው ልሮጥ ብል እግሬ በፌስታሉ ተጠፍሯል። ዕቃ ቤቱ ባዶ ሆነ፤ እነዚያ አግዳሚዎች ብቻ ቀሩ፤ ይበርዳቸዋል፤ ሲንቀጠቀጡ ይሰማኛል።

በዚህ ጊዜ ትርሲት መጣች። ጣሪያው ላይ በእግሯ እየተራመደች፣ ቁልቁል ተዘቅዝቃ፤ ፀጉሯ ወደ እኔ ተንጠልጥሏል፤ ካቻቢቴ ይዛለች።

«ጋሼ፣ ልክፈትዎት?»

«ባዶ ብሆንስ?»

«ባዶ ከሆኑ ባዶ ነው እላለሁ። ከዚያ ማልቀስ ይችላሉ።»

ከግንባሬ ቡሎን ፈታ ፈታ አድርጋ ክዳኑን አነሳች። አላመመኝም፤ ብርድ ብቻ ገባኝ። በመስታወት አሳየችኝ። ጭንቅላቴ ውስጥ የክብሪት ቀፎ የምታክል ድንኳን ተተክላለች። ውስጧ ሰው ጢም ብሏል፤ እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቀ ሰው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ። ነጠላቸውን ለሠርግ እንደሚለብሱት ለብሰው ያለቅሳሉ። በሩ ላይ፣ የሐዘንተኛው ቦታ፣ አስካለ ተቀምጣለች።

«ይፍሩ» አለችኝ፤ ድምፅዋ እንደ ትንኝ ነው። «ሰዉ ሁሉ እዚህ ነው። አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው።»

«እኔማ እዚያ ነበርኩ። ማንም ያልነበረው…»

«እኛስ እንዴት እንውጣ? በሩን ዘግተህብን እኮ ነው።»

ዳምጠው ከአግዳሚዎቹ ሥር «እንዳትከፍቺው፤ ካርድ ይበላል» ብሎ ጮኸ። ትርሲት አልሰማችውም። ካቻቢቴዋን ድንኳኗ በር ላይ አደረገች፤ ሰዎቹም ከውስጥ የራስ ቅሌን ይደበድቡ ጀመር። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። አፌን ከፈትኩ። አሁን ግን «አስካለ» የሚለው ወጣ፤ በራሴ ድምፅ።

በዚያው ነቃሁ። ነግቷል። ቋ ቋው ግን አልቆመም፤ የግቢዬን ቆርቆሮ በር ሰው በድንጋይ ይመታዋል። ስልኬም ትራሱ ሥር ይንቀጠቀጣል። ትርሲት ናት።

«ጋሼ፣ ማታ ስደውል አላነሳ አሉኝ» አለች፤ ድምፅዋ ፈርቷል። «ዲስኩ ተነስቷል። ግን አንድ ነገር ሆነ። ያችን ሲም ያለባትን ዕቃ ሰክቼ፣ እስካሁን መሥራቷም ገርሞኝ፣ ለሙከራ ካርድ ሞላሁባት። ሳይላክ የቆመ መልእክት ነበረ፤ በራሱ ወጣ። ላስቆመው አልቻልኩም።»

«ምን የሚል መልእክት?»

«‘በይፍሩ ቤት ሐዘን አለ፤ ቀብር ስድስት ሰዓት’ ይላል። ለሁሉም አባል ነው የሄደው። ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈ ነው ጋሼ። ያኔ ካርድ አልቆበት ነው የቆመው።»

«ለማንም አልደረሰም?»

«ለአንድም ሰው። ማታ ነው የደረሳቸው።»

አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ከበሩ ውጭ የሴቶች ለቅሶ ይሰማል። «ወይ ጋሽ ይፍሩ፣ ወይ ጡሩንባው፤ ለስንቱ ለፍፎ ለሱ የሚለፍፍለት ይጣ» እያለች አንዷ ሙሾ ታወርዳለች።

«ክፉ ነበር፤ ግን ቀብር ቀርቶ አያውቅም» አለ የወንድ ድምፅ።

«ምን ክፉ ነበር ትላለህ፣ ሬሳው ሳይወጣ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ነው እንጂ።»

«መሞቷን እንኳ የሰማነው ስንት ጊዜ ቆይቶ ነው። በዚህ አፍረን ሳንደርሰው፣ ይኸው እሱም ሄደ።»

ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁና በሩን ከፈትኩ። መንገዱ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሰው ሞልቶበታል። ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቋል፤ ከየኮንዶሚኒየሙ፣ በሌሊት ታክሲ የመጣ ነው። አግዳሚዎቹም አሉ፣ ብረት ድስቱም አለ። ከፊት ዳምጠው የድንኳኑን ቋሚ ተሸክሞ ቆሟል። ሲያየኝ ቋሚው ከትከሻው ተንሸራተተ።

«አለህ እንዴ?»

«አለሁ።»

«ታዲያ… ማን ነው የሞተው?»

«አስካለ ናት» አልኩት።

ስልኩን አወጣ፤ መልእክቱን አነበበ፤ እኔን አየኝ፤ ደግሞ አነበበ። የራሱ ጽሑፍ ነው፤ ዐወቀው። ከፊት ያሉት ድምፃቸው አንድ ባንድ ጠፋ። ከኋላ ያሉት ግን እኔን ገና አላዩኝም፤ ስሜን እየጠሩ ያለቅሱልኛል። ግማሹ ለእሷ ይሁን ብዬ ዝም አልኩ።