ሳይወጋ የተገዛ ፓወር ሰፕላይ

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ያለው ሰው፣ እንደ እኔ ግምት፣ ልጅ አልነበረውም። ወይም ደግሞ ለልጁ ቃል ገብቶ አያውቅም። ቢገባ ኖሮ የተናገረውና የወለደው ተያይዘው መጥተው «እሺ፣ መቼ ነው?» ብለው ደጁ ላይ ሲቆሙ ያያቸው ነበር። ልጆች የሚረሱት ምክራችንን እንጂ ቃላችንን አይደለም። ትናንት «ክፍልሽን አስተካክዪ» ያልኳት ልጅ ዛሬ ሰምቼ አላውቅም ትለኛለች፤ ከሁለት ዓመት በፊት ጋዜጣ እያነበብኩ በግማሽ ጆሮዬ «እሺ» ያልኳትን ግን ከነቀኑ፣ ከለበስኩት ሹራብ ጋር ታስታውሰዋለች። እናንተም ቤት ከዚህ የተለየ ነገር ያለ አይመስለኝም።

እኔ ሆሳዕና ውስጥ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ሐያት ደግሞ የመጀመሪያ ልጄ ናት። እኔና እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ በቤታችን አሮጌ ኮምፒውተር የመኪና ውድድር ጌም እንጫወታለን፤ አንድ ኪቦርድ ለሁለት፣ እሷ በግራ በኩል ባሉት ፊደላት፣ እኔ በቀኝ በኩል ባሉት ቀስቶች። ትንሽ ሳለች እኔ አሸንፍ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ከሞላት ወዲህ ግን አንድም ቀን ቀድሜያት አላውቅም። እንዲያውም ተሸንፌ ስነሳ ትከሻዬን መታ መታ ታደርገኛለች፤ ይሄ ከመሸነፉ ይብሳል።

ታዲያ የጌሙ አዲስ ስሪት ወጣ፤ የእኛ ኮምፒውተር ግን ሊከፍተው አልቻለም። ግራፊክስ ካርድ የሚባለው፣ ሥዕሉን የሚያወጣው ክፍል፣ አርጅቷል። ያኔ ነው ከአፌ ያመለጠኝ። «የዩኒቨርሲቲ መግቢያውን ካለፍሽ ኮምፒውተሩን አሻሽዬው አዲሱን አብረን እንጫወታለን» አልኳት። አለፈች። እንደው ዝም ብላ አላለፈችም፣ አሳምራ ነው ያለፈችው። ምደባ ሲወጣ ጎንደር ደረሳት፤ ቅዳሜ ማለዳ ትሄዳለች ተባለ። እኔም ከቅዳሜ በፊት ቃሌን ለመፈጸም ቆርጬ ተነሳሁ።

ካርዱን አዲስ አበባ ሄጄ ገዛሁ። በቡታጅራ በኩል ስመለስ የአውቶቡሱ ረዳት ካርቶኑን ከላይ ልጫነው ብሎ ተሟገተኝ።

«ምንድን ነው? እንቁላል ነው?» አለኝ።

«ከእንቁላል ይብሳል» አልኩትና ጭኔ ላይ አድርጌው ሆሳዕና ገባሁ።

ሰኞ ዕለት ካርዱ ገባ። ኮምፒውተሩ በራ፣ ጠፋ። በራ፣ ጠፋ። ከዚያ ጭራሽ እምቢ አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው፤ ድሮ አሮጌውን ጌም በወጉ ይከፍት የነበረው ማሽን እሱንም ተወው። አክሊሉን ጠራሁት። አክሊሉ አባቱ ከሰሜን በዳኝነት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ሀዲይኛን ከእኔ ልጆች አሳምሮ የሚናገር፣ ኮምፒውተር የሚጠግን የልጅነት ጓደኛዬ ነው።

«ካርዱ ጤነኛ ነው» አለኝ አይቶ ሲጨርስ። «ያጣው የሚበላውን ነው። አሮጌው ፓወር ሰፕላይ አይችለውም።»

ፓወር ሰፕላይ ማለት ኤሌክትሪኩን ከግድግዳው ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ አካላት እየመጠነ የሚያድል ሳጥን ነው። አዲሱ ካርድ በላተኛ ነው፤ ትልቅ አዳይ ይፈልጋል። አክሊሉ ለሥራ ወደ ዱራሜ መሄጃው ደርሶ ስለነበር አብሮኝ ሊገዛ አልቻለም። ምክር ብቻ ጣለልኝ፦ «አንስተህ እየው። ቀላል ከሆነ ውስጡ ባዶ ነው።»

እዚህ ላይ ስለ ቤተሰቤ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናቴ በጎረቤታችን ከተማ በፎንቆ ቅቤ ነጋዴ ናት። በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ብድግ አድርጋ፣ ትንሽ አየር ላይ አቆይታ፣ ሚዛኑ ከሚለው የማይርቅ ቁጥር ትናገራለች። እኔም በልጅነቴ ከኋላዋ እየተከተልኩ ማንሳት ተምሬአለሁ። ስለዚህ «አንስተህ እየው» የሚለው ምክር ለእኔ ምክር አልነበረም፤ የዘር ሙያዬ ነበር። ሱቁ ገባሁ፣ ስድስት መቶ ዋት የሚል የተለጠፈባቸውን ሦስት ሳጥኖች አስደረደርኩ፣ አንድ በአንድ እያነሳሁ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሦስተኛው እጄን ወደ መሬት ሳበው። ዋት በኪሎ እንደማይለካ ለሃያ ዓመት ሳስተምር የኖርኩ ሰውዬ «ይሄን!» አልኩ። ባለሱቁ ፈገግ አለ። ሙያዬን ያደነቀልኝ መስሎኝ ነበር።

«ይቺን ስቲከር እንዳታነሳት ብቻ» አለኝ፣ የሳጥኑ ብሎን ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት እያሳየኝ። «ከተነሳች ዋስትና የለም።»

ማክሰኞ ማታ ሐያትና እኔ ኪቦርዱ ፊት ተቀመጥን። ጌሙ ተከፈተ! መኪኖቹ ተሰለፉ፣ የመንገዱ ዳር ዛፍ ቅጠል በቅጠል ይታያል፤ ሐያት «አባ፣ ዝናቡን እየው!» ብላ ጮኸች። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ… ድርግም። እንደገና። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ… ድርግም። ለሦስተኛ ጊዜ ስንሞክር ከግቢያችን አጥር ወዲያ የታወቀው ድምፅ ተሰማኝ፤ የነስሩ ብየዳ። አምፖላችንም እንደ ልማዱ ጭልጭል አለ።

ነስሩ ጎረቤቴ ነው፤ የብረት በርና መስኮት ይበይዳል። እሱ ሲበይድ የሰፈሩ መብራት ይደክማል፤ ይሄ አገር ያወቀው ነው። ወንጀለኛውን አገኘሁት አልኩ። ለፍርድ ስቸኩል ማንም አይቀድመኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሄጄ ጉዳዩን አስረዳሁት። ሐያት ቅዳሜ እንደምትሄድ፣ ቃል እንዳለብኝ፣ መኪኖቹ በተነሱ ቁጥር የእሱ ብየዳ እንደሚያጠፋቸው ነገርኩት። ነስሩ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አዳመጠኝ።

«ቲቸር፣ የሰርግ ቤት በር ነው በእጄ ያለው» አለ። «ግን የሐያት ሽኝት ከሆነ፣ ዛሬ ከአሥር ሰዓት በኋላ ማሽኔን አልነካም።»

በዚህ ባበቃ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ቆርጦ የተነሳ ሰው ጥቂት አይበቃውም። ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሄድኩ፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄድኩ፣ ፍሪጅ ያላትን ባለሱቅ ለመንኩ። በዚያ ዘመን ለስብሰባ በአንድ ለአምስት ተጠርተን ግማሻችን የማንመጣ ሰዎች፣ ለአንዲት ልጅ ጌም ሲባል ያለ አንድ ቀሪ ተደራጀን። አሥር ሰዓት ሲሆን ሰፈሩ ፀጥ አለ። ወፍጮው ቆመ። ፀጉሩ ግማሽ የተላጨ አንድ ደንበኛ ፎጣውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ መጥቶ ከመስኮታችን ሥር ቆመ። አምፖላችን ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ አይተነው በማናውቀው ድምቀት በራ።

ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ድርግም። በዚህኛው ላይ ደግሞ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ተጨመረበት።

 ደንበኛው ፎጣውን አስተካክሎ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ነስሩ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «ቲቸር፣ አሁንስ ማንን እናጥፋ?» አለኝ። ያን ቀን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልቃወምም ነበር።

ሐያት አዘነችልኝ። «አባ፣ ይቅር በቃ» አለችኝ፤ «አክሊሉ ከዱራሜ ሲመጣ አሮጌውን ይመልስልንና የድሮውን እንጫወት።» እኔ ግን እምቢ አልኩ። ለምን እንዲህ ድርቅ እንዳልኩ እውነቱን ልንገራችሁ። እኔና ልጄ ፊት ለፊት ተቀምጠን ማውራት አንችልበትም። የምናወራው ጎን ለጎን ሆነን፣ ዓይናችን መኪኖቹ ላይ፣ እጃችን ኪቦርዱ ላይ ሲሆን ነው። ጓደኛዋ ያስቀየመቻትን፣ የፈራችውን ፈተና፣ ሐኪም መሆን ማሰቧን ሁሉ የሰማሁት በመታጠፊያና በመታጠፊያ መካከል ነው። ሳልሰናበታት ልትሄድብኝ ነበር፤ ሌላ የምሰናበትበት መንገድ ደግሞ አላውቅም።

ሐሙስ እናቴ ከፎንቆ መጣች። የልጅ ልጇን መርቃ፣ አናቷን በቅቤ አርሳ ልትሸኝ ነው። ቅቤውን ካስቀመጠች በኋላ ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን ሳጥን አየችና እንደ ልማዷ ብድግ አደረገችው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። የተናገረችው በሀዲይኛ ነው፤ አማርኛው የእኔ ነው።

«መብራት አዳይ ነው። ተቃጠለብኝ። ከሦስቱ ከባዱን መርጬ ነበር የገዛሁት።»

«ወጋኸው?»

«ምኑን?»

እናቴ ከሻሿ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ስንጥሯን አወጣች። ለእናንተ እንግዳ ከሆነ፣ ከቀርከሃ የተላገች፣ ከመዳፍ ትንሽ የምትረዝም ስንጥር ናት። ቅቤ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ያነሳል፣ ቀጥሎ ስንጥሩን እስከ መሃል ይሰድዳል። ቅቤው መሃል ድንች ወይም የሙዝ ልጣጭ የሚደብቅ አይጠፋምና። ማንሳቱን ከእናቴ ተምሬ ነበር፤ መውጋቱ ላይ ስንደርስ ግን እኔ ትምህርት ቤት ገባሁ።

«ሻጩ አትክፈት ብሎኛል» አልኳት፣ ስቲከሯን እያሳየሁ።

«አትውጊብኝ የሚል ባለቅቤ፣» አለች እናቴ፣ «ድንቹን የቀቀለው ራሱ ነው።»

ነስሩን ጠራሁት፤ ካቻቪቴ ይዞ ከች አለ። ስቲከሯ ተቀደደች፣ አራቱ ብሎኖች ወጡ፣ ክዳኑ ተነሳ። ጥቂት ቀጫጭን ሽቦ፣ አውራ ጣት የምታህል የጠቆረች ነገር፣ ከጎኗ ደግሞ ጥግ ይዞ የተጣበቀ ግማሽ ጡብ የሚያህል ሲሚንቶ። አዎ፣ ሲሚንቶ። እናቴ ሳቀች፣ ሐያት ሳቀች፣ ነስሩ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ።

«አይ ቲቸር!» አለኝ እንባውን እየጠረገ። «ለዚህ ነው የሰርግ በር ያስቆምከኝ?»

ይቅርታ ጠየቅሁት። ከልቤ ነው የጠየቅሁት፤ በአምፖሌ ጭልጭልታ ማንንም መኮነን እንደማይገባኝ ያኔ ገብቶኛል።

ዓርብ ጠዋት ሲሚንቶውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ከነሳጥኑ የባለሱቁ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩለት። ሲሚንቶውን ዞር ብሎም አላየው። ሳጥኑን አገላብጦ «ስቲከሩ ተነስቷል» አለ። ልታገለው ነበር፤ ግን ልጄ የቀራት አንድ ቀን ነው፤ ሰውዬውና ክርክሩ ሰኞም አሉ። ትቼው ወጣሁና ከዱራሜ ወደተመለሰው አክሊሉ ሮጥኩ። ሁሉንም ነገርኩት። አክሊሉ አልሳቀም፤ ይልቅ ጎንበስ ብሎ ሥራ የሚሠራበትን የራሱን ኮምፒውተር ይፈታ ጀመር።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«እኔ እስከ ነገ ሻይ እጠጣለሁ» አለ። «ሐያት ከሄደች በኋላ ትመልስልኛለህ።»

ቤት ስንደርስ እናቴ ስንጥሯን ይዛ ጠበቀችን። አክሊሉ በሀዲይኛ ሰላም ብሏት ሳትጠይቀው የራሱን ፓወር ሰፕላይ ክዳን ከፈተላት። በመዳብ ጥቅልና በብረት ክንፍ ግጥም ብሎ የተሞላውን ሆድ በስንጥሯ ጫፍ እዚህም እዚያም ነካ ነካ አድርጋ «ቅቤ ነው» አለች። ካርዱም በአላህ ፈቃድ ተርፎ ነበር።

ከጁምዓ መልስ ነስሩ ሱቁን ሳይከፍት ቀጥታ ወደ እኛ መጣ። ማንም ሳይለምናቸው ወፍጮውም ፀጉር ቤቱም አርፈው ነበር። ሐያት በፊደላቱ፣ እኔ በቀስቶቹ። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ… መኪኖቹ ተነሱ፤ አልጠፉም። በመጀመሪያው ዙር ጎንደር ብርድ እንዳለው ጠየቀችኝ፣ አላውቅም አልኳት። በሁለተኛው ዙር ትንሽ እንደፈራች ነገረችኝ፤ እኔም አልኳት። እኔም እንደፈራሁ ለልጄ ስነግራት ያ የመጀመሪያዬ ነበር። በሦስተኛውና በመጨረሻው ዙር ግን ወሬ የለም፤ እሷ ትመራለች፣ እኔ ከኋላዋ ዝናቡን እየሰነጠቅሁ ነው። መጨረሻው መታጠፊያ ላይ፣ ስታ የማታውቀው ሐያት ወደ ዳር ሰፋ ብላ ወጣች። በጎኗ አለፍኩ። አሸነፍኩ!

ነስሩ ጨበጨበ፣ አክሊሉ ፎከረ። እኔ ወደ ሐያት ዞርኩ፤ የግራ እጇ ጭኗ ላይ ነበር። ከኪቦርዱ ላይ መቼ እንዳነሳችው አላየሁም። ትከሻዬን መታ መታ አላደረገችም፤ ራሷን አስደገፈችበት። ቀና ስል እናቴ ታየናለች። አንዴ ልጄን፣ አንዴ እኔን አየችና፣ ያገኘችውን ሁሉ የምትወጋው ሴትዮ ስንጥሯን ወደ ሻሿ ጫፍ መልሳ ቋጠረችው።

ልጄ ጎንደር ከገባች ቆየች። ስትደውል «አባ፣ አሁንም ሻምፒዮን ነህ?» ትለኛለች። ነኝ እላታለሁ። ያን ድል እስከ ዛሬ ብድግ እያደረግሁ እመዝነዋለሁ፤ ከባድ ነው። አልወጋውም።