ዘጠኝ ዓመት ከዘጠኝ ዓመት ጋር ሲዋሐድ

ታላላቅ ሥራዎች በድንገት አይጀመሩም፤ አስቀድሞ ኮሚቴ ይቋቋምላቸዋል። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ የሚገኘው፣ ለትሕትናው ሲባል ስሙ የማይጠቀሰው መሥሪያ ቤት የገብስን ውርጭ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ድል ለመንሣት በወሰነ ጊዜም እንዲሁ ሆነ። ወሩ ገና መስከረም ስለነበር ውርጩ አልደረሰም፤ ኮሚቴው ግን ተሰይሞ፣ ሰብሳቢና ጸሐፊ መርጦ፣ ሻይ አዝዞ ይጠብቀው ነበር።

ሐሳቡ ይህ ነው። ጣርማ በር አጠገብ ባለች አንዲት ቀበሌ ገብስ በየዓመቱ በውርጭ ይመታል። ገበሬው ሌሊት ውርጭ እንደሚወርድ ከቀን ቢያውቅ የደረሰውን በደቦ ያጭዳል፤ ላልደረሰው ደግሞ በማሳው ዳር እርጥብ ገለባ ያጨስለታል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ያለፉትን ዓመታት ብርድና ያለፉትን ዓመታት ጉዳት አንድ ላይ አይቶ ይማር፤ ተምሮ ሲጨርስ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የዕለቱን አየር እየተመለከተ ለቀበሌዋ ገበሬዎች በስልክ «ዛሬ ውርጭ ያሰጋል» ወይም «ዛሬ ውርጭ አያሰጋም» የሚል መልእክት ይላክ። መልካም ሐሳብ ነበር። መልካም ስለነበረም ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመራ።

ኮምፒውተሩ የሚማርበት መረጃ በሁለት ቦታ ተቀምጧል። አንደኛው የውጭ አገር ተመራማሪዎች ጣርማ በር ላይ ተክለውት የሄዱት የአየር መለኪያ የመዘገበው ነው፤ ከ2008 እስከ 2016 የእያንዳንዱን ሌሊት ብርድና ሙቀት ይዟል። ሁለተኛው የወይዘሮ እታፈራሁ ደብተር ነው። ወይዘሮ እታፈራሁ የዚያችው ቀበሌ ገበሬ ሲሆኑ፣ ውርጭ በወረደ ቁጥር ቀኑን፣ የማን ማሳ እንደተመታና ምን ያህል እንደተቃጠለ በሚያምር እጅ ጽሑፍ ሲመዘግቡ ኖረዋል። የእርሳቸውም መዝገብ ከ2008 እስከ 2016 ነው።

ሁለቱን አገናኝቶ አንድ እንዲያደርግ የታዘዘው ገብረአብ የተባለ ወጣት የመረጃ ባለሙያ ነበር። ፋይሎቹን ከፍቶ የመጀመሪያውን ገጽ እንዳየ ደብተሩ በእኛ አቆጣጠር፣ መለኪያው ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር መጻፉን አወቀ። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ለኮሚቴ ለማስረዳት ግን ዩኒቨርሲቲም እንደማይበቃ ያወቀው በማግስቱ፣ ማክሰኞ ከምሳ በፊት ነው።

«ከ2008 እስከ 2016፣ ከ2008 እስከ 2016» አሉ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊና የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ወልደተንሣኤ፣ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዘው። «ዘጠኝ ዓመት ከዘጠኝ ዓመት ጋር። እንዲህ ያለ መግባባት በባልና ሚስት መካከል እንኳ አይገኝም።»

«የተመሳሰለው ቁጥሩ ነው እንጂ ዘመኑ አንድ አይደለም» አለ ገብረአብ። «የእኛ 2008 ሲጀምር በእነሱ 2015 ነበር። ዘመኑን ጠብቀን ካገናኘናቸው ሁለቱም በአንድ ጊዜ የመዘገቡት አሥራ ስድስት ወር ብቻ ነው።»

«ስንት?»

«አሥራ ስድስት ወር።»

አቶ ወልደተንሣኤ መነጽራቸውን አወለቁ። «ዘጠኝ ዓመት ይዘን ገብተን አሥራ ስድስት ወር ይዘን ልንወጣ ነው? አንተ ልጅ፣ ለበላይ አካል ምን ብለን ነው የምንጽፈው? ሰባት ዓመት ከምናምን መንገድ ላይ ጠፋብን ብለን?»

«አልጠፋም፣ መጀመሪያም አልነበረም» አለ ገብረአብ። ትዕግሥተኛ ሰው ስለነበረ ወረቀት አንሥቶ በቁጥር ያሳያቸው ጀመር። «ደብተሩ ላይ ወር 3 ኅዳር ነው። መለኪያው ላይ ወር 3 ማርች ነው፣ መጋቢትን የሚነካው። ቁጥሩን ከቁጥሩ ጋር ካገናኘን የኅዳር ውርጭ ከመጋቢት ሙቀት አጠገብ ይቀመጣል። የእነሱ ብርዳም ወር ኖቬምበር ደግሞ ቁጥሩ 11 ስለሆነ ከሐምሌያችን ጋር ይገጥማል፤ ሐምሌ ላይ ውርጭ የለም። ማሽኑም አየሩ ሲሞቅ ውርጭ ይወርዳል፣ ሲበርድ አይወርድም ብሎ ይማራል።»

ኮሚቴው ይህን በጥልቀት አሰበበት። አቶ ወልደተንሣኤም ሻያቸውን ፉት ብለው፣ «እሱ የማሽኑ ፈንታ ነው» አሉ። «ሁሉን ነገር እኛ አስተካክለን የምንሰጠው ከሆነ አስተውሎቱ ምኑ ላይ ነው?»

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ማርታ ብዕሯን እንደያዘች፣ «‹ወሮቹ አልተገናኙም› ብዬ ልጻፍ?» ብላ ጠየቀች።

«‹በወሮቹ መካከል ጥቃቅን ልዩነቶች ቢታዩም በዓላማ አንድ ናቸው› ብለሽ ጻፊ።»

ከዚያም ሰብሳቢው ተነሥተው ንግግር አደረጉ። መረጃዎቻችን በየፋይላቸው ተለያይተው ሲኖሩ የነበረበት ዘመን ዛሬ ማብቃቱን፣ ከእንግዲህ አንዱ መረጃ ሌላውን እንግዳ ነህ እንደማይለው፣ ውህደቱም አንድም ረድፍ ወደ ኋላ ሳይተው ሁሉን አካታች እንደሚሆን አስታወቁ። ጭብጨባው ሲያበቃ ድምፅ ተሰጠ። ዘመን ያልጠበቀው ውህደት በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ባለሙያ ድምፅ ስለሌለው የገብረአብ ተቃውሞ ሙሉነቱን አላጎደለውም።

እውነትም ውህደቱ ያማረ ነበር። ቁጥር ከቁጥር ጋር ስለተጋባ በሰንጠረዡ ላይ ባዶ የቀረ ሳጥን አልታየም። ማሽኑም በዚያው ተማረ፤ ከተማረበት ሰንጠረዥ ላይ ጥያቄ ወጥቶለት ተፈተነና ከመቶ ዘጠና ሰባት አመጣ። ውጤቱ በትልልቅ ፊደል ታትሞ በመግቢያው በር ላይ ተለጠፈ።

ጥቅምት 24 ቀን ጣርማ በር ላይ ሰማዩ ጥርት አለ፤ ከሰዓት በኋላ የሚነፍሰው ነፋስ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ የቀበሌዋ ስልኮች በአንድ ጊዜ ጮኹ፦ «ዛሬ ውርጭ አያሰጋም።» ወይዘሮ እታፈራሁ ሰማዩን አዩ፣ ስልኩን አዩ። በዕድሜያቸው እንዲህ ካለ ሰማይ በኋላ ውርጭ ሳይወርድ ቀርቶ አያውቅም፤ ነገር ግን በጽሑፍ ከመሥሪያ ቤት የመጣ ነገር ነውና ገለባውን ሳያጨሱ ገብተው ተኙ። ጠዋት ከአራት ጥማድ ገብሳቸው ሁለቱ እንደተቀቀለ ጎመን ተኝቶ አገኙት።

በሦስተኛው ቀን ደብተራቸውን በኩታቸው ሥር ይዘው ደብረ ብርሃን ወረዱና የአቶ ወልደተንሣኤ ቢሮ ገቡ።

«እኔ የጻፍኩት ኅዳር ነው» አሉ፣ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው። «እናንተ በማን ወር አነበባችሁት?»

«እናቴ፣ ይረጋጉ። ማሽኑ ከመቶ ዘጠና ሰባቱን በትክክል ይመልሳል።»

«የእኔ ገብስ ታዲያ?»

«እንግዲህ ከሦስቱ ውስጥ ገብቶ ይሆናል።»

«የጎረቤቴስ?»

«የእሳቸውም ከሦስቱ ውስጥ ነው።»

«ቀበሌው እንዳለ ተመትቷል እኮ። ሁላችንም ሦስቱ ውስጥ ነው እንዴ የምንኖረው?»

አቶ ወልደተንሣኤ ይህ ጥሩ ጥያቄ እንደሆነ፣ ለወደፊቱ ጥናት እንደሚያስፈልገው ገልጸው በክብር ሸኟቸው።

ገብረአብ እስከ መናኸሪያው ተከተላቸው። መንገድ ላይ አንድም ነገር ሳይደብቅ ነገራቸው፤ ሁለቱ ዘመኖች እንዴት እንደተጋቡ፣ ማሽኑም ምን ብሎ እንደተማረ።

«የቀሩኝ ሁለት ጥማድ ናቸው» አሉ ወይዘሮ እታፈራሁ። «እነሱ ከሄዱ ለከርሞ የምዘራው ዘር የለኝም። የምትችለውን ንገረኝ እንጂ አታስተዛዝነኝ።»

«አሁን ምንም አልተፈቀደልኝም፣ እትዬ።»

ትንሽ እንደሄዱ ቆም አሉ። «ቆይ፣ ሲበርድ አያሰጋም ይላል?»

«ይላል።»

«ሲሞቅ ያሰጋል?»

«አዎ።»

«ሁልጊዜ? አንዳንዴ እንኳ ተሳስቶ እውነቱን አይናገርም?»

«እስካሁን አልተሳሳተም።»

«እንዲህ የማይዋዥቅ ነገር የት ይገኛል» አሉ ወይዘሮ እታፈራሁ። «እንገለብጠዋለና።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀበሌዋ መልእክቱን ገልብጣ ማንበብ ጀመረች። «ያሰጋል» ሲል ሰው እግሩን ዘርግቶ ይተኛል፤ «አያሰጋም» ሲል ማጭድ እየተሳለ፣ ገለባ እየተራሰ ደቦ ይጠራል። አንድም ማሳ ሳይመታ ሦስት ሳምንት አለፈ። ያኔ ገምጋሚ ቡድን ከበላይ መጣ፤ አቶ ወልደተንሣኤም እየመሩ ጣርማ በር ወሰዱት።

«መልእክቱ ጠቅሟችኋል?» ብሎ ጠየቀ የቡድኑ መሪ።

«በጣም» አሉ ወይዘሮ እታፈራሁ።

«ትጠቀሙበታላችሁ ማለት ነው?»

«እሱን ሳናይ ማጭድ አንሥተን አናውቅም።»

በሪፖርቱ ላይ የተጠቃሚው እርካታ መቶ በመቶ ሆኖ ተመዘገበ። ለመሥሪያ ቤቱ የምስክር ወረቀት እንዲሰጠው፣ ማሽኑም ከታኅሣሥ ጀምሮ ወደ አንኮበር ቀበሌዎች እንዲስፋፋ ተወሰነ።

ገብረአብን እንቅልፍ የነሳው ይህ መስፋፋት ነው። የአንኮበር ገበሬ መገልበጡን አያውቅም፤ እንደተጻፈው አምኖ ይተኛል። ዘመኑን ጠብቆ ያዋሐደውን የአሥራ ስድስት ወር መረጃ ለማሽኑ አስተማረው፤ ከዚያው ለይቶ ባስቀረው፣ ማሽኑ ባላየው ገጽ ፈተነው። ዘጠና ሰባት አላመጣም። ሰማንያ አንድ አመጣ፤ ግን ብርድን ብርድ ይል ነበር። «የመረጃ ውህደቱን ስለማስተካከል» የሚል ደብዳቤ አዘጋጅቶ ለፊርማ ሲያስገባ፣ አቶ ወልደተንሣኤ በምስክር ወረቀቱ ቀን የሚያነቡትን ንግግር ያጠኑ ነበር። ከፊታቸው ሠላሳ ያህል ደብዳቤ ተከምሯል።

«ይህኛው ቢነበብ ጥሩ ነው» አለ ገብረአብ።

«ሁሉም ቢነበብ ጥሩ ነበር» አሉና ቀና ሳይሉ ፈረሙ።

ቅዳሜ ዕለት ገብረአብ ጣርማ በር ወጣ። ወይዘሮ እታፈራሁ ማሽኑ መታረሙን ሲሰሙ ጥቂት ቅር አላቸው፤ መገልበጡን ለምደውት ነበር። «መቼም አንዴ እውነት ልናገር ካለ ምን ይደረጋል» አሉ። «ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደተጻፈው እንደሚነበብ ብቻ ለይተህ ንገረን።»

«ከሰኞ ጀምሮ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለቀበሌው ሁሉ ተነገረ፤ ያልመጣም ሰው ቤቱ ድረስ ተላከበት።

ኅዳር 27 ሰማዩ ጥርት አለ። አሥር ሰዓት ላይ ስልኮቹ «ዛሬ ውርጭ ያሰጋል» አሉ። ማሽኑ ከተወለደ ጀምሮ አየሩ ሲበርድ እንዲህ ሲል የመጀመሪያው ነው። ቀበሌዋ በደቦ ወጥታ የደረሰውን አጨደች፤ ላልደረሰው ገለባ አጨሰች። በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወይዘሮ እታፈራሁ ለገብረአብ ደውለው ሁለቱም ጥማድ ዳኑ አሉት። «ለከርሞ ዘር አልበደርም» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ስልኩ እንደተዘጋ አቶ ወልደተንሣኤ ገቡ። ጺማቸውን አልተላጩም።

«ትናንት መልእክቱ ምን አለ?»

«ያሰጋል አለ» አለ ገብረአብ።

«ውርጩስ?»

«ወረደ።»

«እንዴት ይወርዳል?» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ያሰጋል እያለ እንዴት ይወርዳል?»

ማርታ ከቃለ ጉባኤዋ ቀና አለች። ኃላፊው ምን እንዳሉ ለራሳቸው የገባቸው ከተናገሩት በኋላ ነበር። ወንበር ስበው ቁጭ አሉ። ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። እዚያው ጣርማ በር አካባቢ፣ ሰላ ድንጋይ ላይ ታናሽ ወንድማቸው የሚያርስላቸው ስድስት ጥማድ ገብስ አላቸው። ከጥቅምት ጀምሮ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ወንድማቸው ይደውሉ ነበር፤ ማሽኑ አያሰጋም ሲል «ቶሎ አጭስ»፣ ያሰጋል ሲል «ተኛ» እያሉ። ትናንትም «ተኛ» ብለውት ነበር።

«ማነው ማሽኑን የነካው?» አሉ በመጨረሻ። «በማን ፈቃድ?»

ገብረአብ ደብዳቤውን አውጥቶ ከፊታቸው አኖረ። አቶ ወልደተንሣኤ ፊርማቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ሙሉ ነበር፤ ማኅተሙም በደንብ አርፏል።

አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ መሥሪያ ቤቱ የላከው ማስጠንቀቂያ እውነት በመሆኑ ጉዳት ደረሰብኝ ብሎ ለማን አቤት እንደሚል በየትኛውም መመሪያ አልተጻፈም። አቶ ወልደተንሣኤ ልምድ ያላቸው ሰው ናቸውና ጉሮሯቸውን ጠራርገው መነጽራቸውን አጠለቁ።

«ማርታ፣ ጻፊ። ‹በኅዳር 27 ማሽኑ የሰጠው ማስጠንቀቂያ ሙሉ በሙሉ ትክክል መሆኑ በተግባር ተረጋግጧል።›»

ማርታ ጻፈችና ብዕሯን ከወረቀቱ ሳታነሳ ጠየቀች።

«በማስረጃነት የእርስዎን ማሳ ልጥቀስ?»