ቤዛ ጸጉር ስትሠራ

የሁለት ዓመት ልጅ ጸጉር መሥራት ቀላል የሚመስለው ሞክሮት ለማያውቅ ሰው ነው። እኔም ይመስለኝ ነበር። ጎንደር አራዳ ላይ ትንሽ ሱቅ ይዤ ስልክ እጠግናለሁ። ከጤፍ ትንሽ ከፍ የምትል ብሎን በወረንጦ አንስቼ ቀዳዳዋ ላይ አሳርፋለሁ። እንዲህ ያለ ጣት ያለው ሰው ሹሩባ ያቅተዋል ትላላችሁ? ያቅተዋል። ብሎን ተነሥቶ አይሮጥም። ብሎን «ውሃ ጠማኝ» አይልም። ብሎን ሚዶ ነጥቆ አልጋ ሥር አይገባም። ልጄ ቤዛ ግን አንድ ጉንጉን ሳልጨርስ ይህን ሁሉ ታደርገዋለች።

ድሮ የእኔ ሥራ አልነበረም። የምትሠራት እናቷ ትርንጎ ነበረች። መሬት ላይ ትቀመጥና ልጅቷን በጉልበቶቿ መሀል አስገብታ ስለ አንድ ዝንጀሮ ተረት ትጀምራለች። ተረቱ አያልቅም፤ የሚያልቀው ጸጉሩ ነው።

ከዚያ ትርንጎ ታመመች። ሆስፒታል ተመላለስን። ተኛች፣ ሻል አላት፣ እንደገና ተኛች። ከፋሲካ በኋላ ቀበርናት። ከዚህ በላይ ብዙ አልነግራችሁም፤ እኔም ከዚህ በላይ ማውራት አልችልበትም።

ለቅሶ ቤት ውስጥ ሕፃን ልጅ የሁሉም ነው። ሁሉም ያቅፋል፣ ሁሉም ያጎርሳል። ጸጉሯን ግን ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ድንኳኑ ተነቅሎ ሰው ወደየቤቱ ሲሄድ እኔና ቤዛ ብቻችንን ተፋጠጥን። ጸጉሯ ከኋላዋ ተጠላልፎ አንድ ላይ ተጣብቋል። ሚዶ አነሣሁ። ገና ከመንካቴ ጩኸቷን አቀለጠችው።

ጎረቤታችን እትየ ዘሀራ ሰምታ መጣች። እትየ ዘሀራ ከባሏ ጋር ጨርቅ ትነግዳለች፤ ሴት ልጆቿን አሳድጋ ሁሉንም ድራለች። በሩ ላይ ቆማ ጥቂት አየችንና፣ «የምትነቅለው ጸጉሯን ነው ጭንቅላቷን?» አለችኝ።

ቁጭ ብላ አሳየችኝ። ጸጉሩ መጀመሪያ ይርሳል፤ ቅባት ይቀባል፤ ከዚያ ከጫፉ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ወደ ሥሩ ይወጣል። እኔ ከሥሩ ነበር የጀመርኩት። በየሳምንቱ እየመጣች ልትሠራት እንደምትችልም ነገረችኝ። አመስግኜ እምቢ አልኳት። ለምን እንደሆነ ለራሴም ግልጽ አልነበረም። ምናልባት እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤዛ እጄ ላይ የምትቆየው ያን ሰዓት ብቻ ስለሆነ ይሆናል፤ እየጮኸችም ቢሆን።

እና ተማርኩ። ተማርኩ ስላችሁ ብዙ አትጠብቁ። አናቷ ላይ የማወጣው መስመር ቀጥ ብሎ ጀምሮ ጆሮዋ ጋ ሲደርስ ይጠፋል። በግራ በኩል ሦስት ጉንጉን፣ በቀኝ አምስት። አንዱ ሁልጊዜ ወደ ሰማይ ይቆማል። መንገድ ላይ ሴቶች ያስቆሙንና ማን እንደሠራት ይጠይቁኛል። እኔ ነኝ ስላቸው ፈገግታቸው ይጠፋል፤ ነገሩ ይገባቸዋል፤ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አማቴ እትየ ስንዱ ከእንፍራንዝ መጡ። የትርንጎ እናት ናቸው። ከእንፍራንዝ ወጣ ያለ ገጠር ውስጥ ከብት እያረቡ ብቻቸውን ይኖራሉ። ያመጡትን ቅቤ አስቀምጠው፣ ቤዛን አቅፈው ስመው፣ ከዚያ ጭንቅላቷን ዞር ዞር አድርገው አዩት።

«ምነው ልጄ፣ ይኸ ምንድን ነው?»

«ሹሩባ ነው እትየ።»

የመጡበትን ነገር የነገሩኝ እራት ከበላን በኋላ ነው።

«ልጅቱን ልወስዳት ነው የመጣሁ። ወንድ ብቻውን ሴት ልጅ አያሳድግም። እኔ ዘንድ ወተት አለ፣ መቦረቂያ ሜዳ አለ። ጸጉሯንም ላጭቼ ዙሪያውን ጋሜ እተውላታለሁ። ሸጋ ሆና ታድጋለች።»

ምን ልበላቸው? እኔ አንድ ልጅ አለችኝ። እሳቸው ያለቻቸውን አንዲት ልጅ ቀብረዋል። የትኛችን ነን ለማን የምናዝነው? ጠዋት እንነጋገር አልኩና መብራቱን አጠፋሁ።

ጠዋት ስነሣ ግን እሳቸው ውሃና ምላጭ አዘጋጅተው ጨርሰዋል። ቤዛ ምላጭ አታውቅም፤ ጸጉሯን ሊነካ የመጣ ሰው ግን ከሩቅ ታውቃለች። አልጋ ሥር ገባች። አያቷ ጎንበስ ብለው እግሯን ሊይዙ ሲሞክሩ ሻሻቸው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ጸጉር አልነበራቸውም። ልጃቸው ስትሞት ተላጭተው ነበር፤ ገና አጭር፣ ሽበት የሞላበት ጸጉር ብቅ ብቅ እያለ ነው። ቤዛ አልጋው ሥር ሆና ዓይኗን ተከለችባቸው። ከዚያ ራሷ ወጣች። መዳፏን አናታቸው ላይ አድርጋ ወደፊትና ወደኋላ አሻሸችው። ሄዳ ሚዶውን አመጣች።

«ቁጭ በይ» አለቻቸው። «አትንቀሳቀሺ።»

እትየ ስንዱ በአገራቸው ሽማግሌ ሳይቀር የሚፈራቸው ሴት ናቸው። መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ቤዛ ከኋላቸው ቆማ የሌለውን ጸጉር ማበጠር ጀመረች። እያበጠረች፣ «ትንሽ ነው የቀረው፣ ትንሽ» ትላለች። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። እንባቸው ብቻ ያለ ድምፅ አገጫቸው ድረስ ይወርዳል።

«ገበያ ስወጣ ትርንጎ ነበረች የምትሠራኝ» አሉ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ። «ካገባችህ ወዲህም ለበዓል ስትመጣ መጀመሪያ የምታየው ጭንቅላቴን ነበር። ሰው ለሐዘን የተላጨሁ መስሎታል። ሐዘንም ነው። ግን ከእንግዲህ ማን ይሠራኛል ብየ ነው።»

ሻሻቸውን አንሥቼ አራግፌ በእጄ ይዤ ቆምኩ። ቤዛ እስክትጨርስ መስጠት አልቻልኩም፤ እሷ ደግሞ ለመጨረስ አልቸኮለችም።

ምላጩን ያነሣው ሰው አልነበረም። በማግስቱ መናኸሪያ ሸኘናቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ በመስኮቱ ጠሩኝ።

«አንተው ዘንድ ትሁን። ግን እያመጣህ አሳየኝ። ጸጉሯን እኔ እሠራታለሁ፤ ይኸ ያንተ ሹሩባ ዓይን ያስለቅሳል።»

ይኸው፣ ሥራ ቀለል ባለልኝና መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ሁሉ ቤዛን ይዤ እንፍራንዝ እወርዳለሁ። አያቷ እንደ ትርንጎ በጉልበታቸው መሀል አስገብተው ይሠሯታል። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ጉንጉኑ እኩል፣ ሲያዩት የሚያጠግብ ሹሩባ። ከዚያ እንሳፈራለን። ቤዛ ጭኔ ላይ እንደተቀመጠች፣ በመስኮት ከብት እያየች፣ አንድ በአንድ መፍታት ትጀምራለች። እጇን ብይዘው ታለቅሳለች፤ ብታለቅስ ተሳፋሪው ይቆጣል። ጎንደር ስንገባ ከነበረችበት ብሳ ነው የምትገባው።

ማታ እትየ ስንዱ ይደውላሉ። ጸጉሯ እንዴት ነው ይሉኛል። እንደሠሩት ነው እላቸዋለሁ። ብዙ ጊዜ እንዲህ አልኳቸው። አንድ ቀን ግን፣ «አትዋሸኝ ልጄ» አሉኝ። «እናቷም ሠርቻት ቤተ ክርስቲያን ደርሳ እስክትመለስ አታቆየውም ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ጸጉሯ እንዴት ነው ብለው አይጠይቁኝም።

«የት ስትደርሱ አለቀ?» ነው የሚሉኝ።

«ጠዳ» እላቸዋለሁ፤ ጎንደር ልንገባ ትንሽ ሲቀረን ማለት ነው።

«ዛሬስ ታግሣለች» ይላሉ።