ጋሼ ይሞላል እና ኃላፊ ያጣው ማሽን

መሥሪያ ቤት የሚባል ነገር እስካለ ድረስ፣ ያልደረሰ መዓት የሚታያቸው አንድ ሰው አይጠፉም። እናንተም ጋ አሉ። ሁሉ ሰላም ሲሆን ፊታቸው የሚጠቁር፣ ስብሰባ ላይ እጃቸውን ሲያወጡ ሰው ሁሉ ስልኩን መጎርጎር የሚጀምር። የእኛው ክቡር ጋሼ ይሞላል ይባላሉ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ የመስኮት ሠራተኞች ነን፤ ከዚህ የተሻለ ሥራ ሠርተን አናውቅም።

መሥሪያ ቤታችን የጡረታ ነው። የጡረተኛው መረጃ በሙሉ ያለው ምድር ቤት አንድ ክፍል ለብቻው በያዘ፣ ሜይንፍሬም በሚባል ግዙፍ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። እኔ መስኮቴ ላይ ስም ስጽፍ መልሱ የሚመጣው ከዚያ ነው። የጋሼ ሥራ ማሽኑ እንዳይንቀራፈፍ ማስተካከል፣ አቅሙ መቼ እንደሚያልቅም ቀድሞ ማወቅ ነበር። "አሁንማ ይሮጣል፤ ግን ይሞላል!" ይሉናል።

ይህቺን ቃል ቢሮ ትተዋት ቢወጡ ምን ነበረበት? ሊፍት ውስጥ ገና ሁለት ሰው ሲገባ "ይሞላል!" ብለው ወርደው በደረጃ ይወጣሉ። ልጃቸውን የዳሩ ዕለት፣ የአዳራሹ ወንበር ግማሹ ባዶ ሳለ፣ በር ላይ ቆመው እንግዳ ሊመልሱ ሲሉ ባለቤታቸው በክንዳቸው ጎትተው አስቀመጧቸው። "ልጄ፣ ከዚህ ሰውዬ ጋር ስኖር ቁም ሣጥኔ አንድ ቀን ሞልቶ አያውቅም" አሉኝ ሚስትየዋ፣ በምሬት እየሳቁ።

ታዲያ ባለፈው ዓመት የሥራ ጫና አጥኚዎች መጡልን። ሠራተኛውን የሚመዝኑት ምን ያህል ብልሽት እንደጠገነ እያዩ ነው። ፕሪንተር ጠጋኙ ፕሪንተሮቹ በየቀኑ ስለሚበላሹበት አንደኛ ወጣ። የጋሼ ማሽን ግን ዓመቱን ሙሉ አልተበላሸም። ስለዚህ ሥራ የላቸውም ተባለ! ወይ ጉድ! መደቡ ታጠፈ፣ ጋሼም ያለጊዜያቸው ጡረታ ውጡ ተባሉ።

"ጋሼ፣ አንድ ሳምንት ብቻ አይንኩት፤ ይንቀራፈፍ። ያኔ እግርዎ ላይ ወድቀው ይለምኑዎታል" አልኳቸው።

"መስኮትሽ ፊት የሚቆሙትን አታያቸውም እንዴ?" ብለው ተቆጡኝ። "ከዘራ ተደግፈው እኮ ነው የሚቆሙት!"

ከመሄዳቸው በፊት ሥራው ለማን ይሰጥ የሚል ስብሰባ ተጠራ። የማሽን ክፍሉ ኃላፊ "ፕሮግራሙን የሚጽፉት ይዩት" አሉ። የፕሮግራም ክፍሏ ኃላፊ "የአቅም ጉዳይ የእቅድ ክፍል ነው" አሉ። የእቅድ ክፍሉም ኃላፊ "ጥያቄ ሲቀርብልን እናቅዳለን" አሉ። መጨረሻ ላይ ሰብሳቢው ፊታቸው በርቶ "ይህ የሁላችንም ኃላፊነት ነው!" ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ጋሼ እጃቸውን እንዳወጡ ስብሰባው ተበተነ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሰላም ነበር። ከዚያ ጡረታ በሚከፈልበት ሳምንት ማሽኑ ሞላ። ስም እጽፋለሁ፣ መልስ የለም። ሰልፉ ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ተዘረጋ። ከጠዋት ጀምረው የቆሙ አንዲት እናት ከሰዓት በኋላ መስኮቴን ተደግፈው፣ "ልጄ፣ ማሽኑ እኔን ሞታለች አለሽ እንዴ?" አሉኝ። እሳቸው ሳቁ፤ እኔ ግን አለቀስኩ። መድኃኒታቸው አልቆባቸዋል።

ኃላፊዎቹ ሥራው ያንተ ነው፣ ያንቺ ነው ሲባባሉ እኔ ጋሼ ቤት ደወልኩ። "መጣሁ" አሉ፣ ቅር ሳይላቸው።

በሩ ላይ ጥበቃው አስቆማቸው። ከሥራ የወጣ ሰው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ኃላፊነት የሚወስድለት ሰው ካልመጣ አይገባም። ጥበቃው ለሦስቱም ኃላፊዎች በየተራ ደወለ፤ ሦስቱም "እኔን አይመለከተኝም" አሉት። ጋሼ ኮታቸውን ቆልፈው በሩ ሥር ቆመዋል፤ ከኋላቸው ያሉት ደግሞ "አባት፣ ሰልፍ ይያዙ እንጂ!" እያሉ ይጮሁባቸዋል።

መስኮቴን ዘግቼ ወጣሁ።

"ለእኚህ ሰው ኃላፊነት የሚወስደው ማነው?" አለኝ ጥበቃው።

"እኔ።"

"ምንሽ ናቸው?"

ምን ልበለው? ከኋላቸው ስስቅባቸው የኖርኩ ሰው ነኝ። "አባቴ ናቸው" አልኩት። ጋሼ የሰሙ አልመሰሉም፤ ብቻ ወደ ማሽኑ ክፍል ስንሄድ እጄን ይዘው ነበር።

ቢሮ ከመዘጋቱ በፊት ማሽኑ ተነሣ፤ እናትየዋም ተከፈላቸው። በማግስቱ ሰብሳቢው "ሁላችንንም" አመሰገኑን። ማሽኑ ዛሬም ኃላፊ የለውም፤ ይኖረዋል ብዬም አልጠብቅም፣ እሱን ተስፋ ከቆረጥኩ ቆየሁ። ጋሼም እያረጁ ነው፤ እሳቸው የቀሩ ዕለት ምን እንደምንሆን ሳስበው እንቅልፍ አይወስደኝም። የጡረታ መክፈያ ሳምንት በመጣ ቁጥር ግን ጥበቃው ወደ መስኮቴ ይደውላል።

"አባትሽ መጥተዋል" ይለኛል።