ልደት ላይ ስለ ሞት የሚጠይቁት ሰው

ሕፃኑ ሳይወለድ የመቃብሩን ጉድጓድ የሚለካ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። እንዲህ ያለው ሰው በመልካም ዜና መሐል እጁን ያወጣል። ሁሉም ሲያጨበጭብ እሱ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ኬክ ሲቆረስ ቢላዋው በኋላ የት እንደሚቀመጥ ይጠይቃል።

የኤሌክትሪክ የቤት ዕቃ በሚያመርተው በዚህ ኩባንያ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ሰው "ክቡር ምዕራፍ" ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ እሱን የሚያስታውሰው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። በራቸው ላይ "የምርት የሕይወት ዑደት ዕቅድ ክፍል" የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ክፍል ይባል እንጂ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበርና ክቡርነታቸው ብቻ ናቸው። ግድግዳው ላይ ኮረብታ የመሰለ መስመር ተሥሏል፤ ይወጣል፣ አናቱ ላይ ትንሽ ያርፋል፣ ከዚያ ይወርዳል። ልደት፣ ዕድገት፣ ጉልምስና፣ ማሽቆልቆል። ካውያም ሆነ ማራገቢያ፣ ኩባንያው የሚሠራው ዕቃ ሁሉ ያንን ኮረብታ ወጥቶ ይወርዳል። ክቡር ምዕራፍ ቁልቁለቱ ግርጌ ቆመው ይጠብቁታል።

"ሞቷን ካላወቅን ልደቷን አንፈርምም" ይላሉ። የሚያወሩት ስለ ውኃ ማፍያ ነው።

የሽያጭ ኃላፊዋ ይህን ስትሰማ ጥርሷን ያማታል። እሷ የልደት ሰው ናት። ዕቃ ሲመረቅ ሪባን የምትይዘው፣ ለመላጣ ማበጠሪያ ሸጣ ምርቃት የምትቀበለው እሷ ናት። ከክቡር ምዕራፍ ጋር በአንድ ስብሰባ ከተቀመጠች ወሬው ሁሉ ይበርድባታል። የከፋው ደግሞ ሰውዬው ከሥራ ሰዓት ውጭም ያው መሆናቸው ነው።

የሒሳብ ሠራተኛው ያገባ ጊዜ ሙሽሮቹ በየጠረጴዛው እየዞሩ እንግዳ ሲቀበሉ ክቡር ምዕራፍ ከመቀመጫቸው ተነሡና በሁለት እጃቸው ጨበጧቸው። "እንኳን ደስ ያላችሁ። ስለ ጉልምስናው ምዕራፍ ተነጋግራችኋል?" ሙሽራዋ ስለ ልጅ የተጠየቀች መስሏት አቀረቀረች። እሳቸው ቀጠሉ። "ማሽቆልቆሉስ?" የሽያጭ ኃላፊዋ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ምግቡ ወሰደቻቸው።

ምግብ ቤትም ቢሆን አያርፉም። የሠራተኞች መመገቢያ ወጥ ቤት ሠራተኛዋ "ዛሬ ሾርባው ጥሩ ነው ጋሼ" ትላቸዋለች።

"የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው?"

"ሾርባ ነው እኮ ጋሼ።"

"የዛሬ ነው የትናንት?"

ሴትዮዋ ጭልፋዋን ታያለች። ክቡር ምዕራፍ ራሳቸውን ነቅንቀው ዳቦ ብቻ ይዘው ይሄዳሉ።

አዲስ ጫማ ሲገዙም አሮጌውን ወዲያው አይጥሉም። "የሽግግር ጊዜ አለው" ይላሉ። አንድ እግራቸውን በአዲሱ፣ አንዱን በአሮጌው ጫማ ሲራመዱ በዓይናችን አይተናል የሚሉ ሠራተኞች አሉ። ይህ ስም ማጥፋት ነው። ያፈራርቁ የነበረው በቀን በቀን ነው።

እስከ ዘንድሮ ድረስ ይህ ሁሉ ለሽያጭ ኃላፊዋ ቀልድ ነበር፤ እራት ላይ ለልጆቿ የምታወራው ቀልድ። ዘንድሮ ግን ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠርቶ አስቀመጣትና ነገሩን በአጭሩ ነገራት። አዲሷ የውኃ ማፍያ ብርዱ ሳይገባ ሱቅ መድረስ አለባት። ካልደረሰች የሽያጭ ክፍሉ ወደ መጋዘን ኃላፊው ይጠቃለላል። የመጋዘን ኃላፊው የሥራ አስኪያጁ ሚስት ወንድም ነው። ለእሱ ሱቅ ማለት ሰው የሚገባበት መጋዘን ነው።

በማግሥቱ ወደ ክቡር ምዕራፍ ወረደች። ያላቸውን አንድ ወንበር ለእሷ ለቀው እሳቸው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

"ሁሉም ፈርሟል ጋሼ። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው።"

"እንዴት ነው የምትሞተው?"

"ገና አልተወለደችም እኮ።"

"ለዚህ ነው አሁን የምጠይቅሽ። ከተወለደች በኋላማ ሁላችሁም ገበያ ላይ ናችሁ፤ ማን ይሰማኛል?"

"ዕድሜዋ ሲደርስ ምርቷን እናቆማለን። መለዋወጫ እናስቀምጣለን። በቃ።"

"የት?"

"መጋዘን ነዋ።"

"መጋዘን የት?"

"መደርደሪያውን እኔ በምን አውቄው ጋሼ?"

ክቡር ምዕራፍ እስክሪብቶአቸውን ኪሳቸው መለሱት። "ነገ ጠዋት መስኮቱ ጋ ትቀመጫለሽ" አሉ።

መስኮቱ የክቡርነታቸው የራሳቸው ፈጠራ ነው። አዲስ ዕቃ ይዞ ፊርማ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ አስቀድሞ አንድ ጠዋት የጥገና መስኮቱ ላይ ተቀምጦ የተበላሸ ዕቃ ይቀበላል። ዲዛይን የሚያወጣው መሐንዲስ አንዴ ተቀምጦ የሕመም ፈቃድ ሞልቷል ይባላል። የሽያጭ ኃላፊዋ እስከ ዛሬ በመስክ ሥራ ስታመካኝ ነበር የኖረችው። አሁን መስክ መውጫው ተዘጋ።

ጠዋት መስኮቱን ከፍታ ፈገግታዋን አስተካከለች። ፈገግታው ብዙ አልቆየም። አንዱ ማራገቢያ ወርውሮላት ሄደ። ሌላው ካውያውን ትቶ ስለ አማቱ አወራት። ከዚያ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ጁስ መፍጫ እንደ ታመመ ልጅ አቅፈው መጡ።

"ጎማዋ ነው ልጄ። ከሥር ታፈሳለች።"

ከኋላ ያለው ጥገና ሠራተኛ ቀና ሳይል መለሰ። "የዚህች ጎማ የለም። ምርቷ ቆሟል።"

"ማን ነው ያቆማት? እኔ ቤት እየሠራች ነው።"

የሽያጭ ኃላፊዋ ወደ ሙያዋ ተመለሰች። "እማማ፣ አዲሷን ላሳይዎት? ሦስት ፍጥነት አላት።"

"የት ልሄድባት ነው ሦስት ፍጥነት?" ሴትዮዋ ይህን ብለው ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉና ፊቷን መረመሩት። "ቆይ እስቲ። አንቺ አይደለሽም የሸጥሽልኝ? ኤግዚቢሽኑ ላይ። ቀይ ጃኬት ለብሰሽ፣ 'እማማ፣ ይቺ ለልጅ ልጅ ትተርፋለች' አልሽኝ።"

"ብዬ ይሆናል።"

"ብለሻል። የልጅ ልጄ ገና ድክ ድክ ትላለች። ይቺ ግን ይኸው ሽንቷን መቋጠር አቃታት።"

ከሴትዮዋ ኋላ የተሰለፉት ሳቁ። ጥገና ሠራተኛውም ሳቀ። ሴትዮዋ ዕቃቸውን መልሰው አቅፈው ሄዱ። ያለ ጎማዋ።

ከሰዓት በኋላ ወደ አዲሷ ውኃ ማፍያ የንድፍ ሥዕል ሄዳ ጎማ ስትፈልግ አገኘችው፤ ክዳኑ ሥር። ለመለዋወጫ የሚሆን ታዟል ወይ ብላ ግዢ ክፍልን ጠየቀች። ለማምረቻ የሚበቃው ብቻ ነው የታዘዘው። ጎማ ሠሪው የመለዋወጫውን ለመጨመር ጊዜ ይፈልጋል፤ ማምረቱ አንዴ ካለቀ ደግሞ ለጥቂት ጎማ ብሎ ማሽኑን አያስነሣም።

ሥራ አስኪያጁ ሲሰማ እጁን አወናጨፈ። "ተያቸው ሰውዬውን። እኔ እፈርማለሁ፣ ሰኞ ማምረት ይጀመር።" የመጋዘን ኃላፊውም እዚያው ሶፋ ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል።

"ጎማው እስኪመጣ ልጠብቅ" አለች።

"ብርዱስ?"

"ብርዱ ይመጣል። እኛ እንዘገያለን።"

"የተነጋገርነውን ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ።"

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እሷም ደንግጣለች። ደረጃውን ስትወርድ በየእርከኑ ክቡር ምዕራፍን ረገመች፤ ታች ስትደርስ ከነዘር ማንዘራቸው ጨርሳቸው ነበር።

የውኃ ማፍያዋ ዘግይታ ወጣች፤ ክቡር ምዕራፍ ፈርመውባት፣ ጎማዋ መጋዘን ተደርድሮ። ብርዱ ቀድሟት ነበርና ሰው የሌላ ኩባንያ ዕቃ ገዝቷል። የሽያጭ ክፍሉም እንደተባለው ወደ መጋዘን ኃላፊው ሄደ። እሷን አላባረሯትም። "የልዩ ልዩ ሥራዎች አስተባባሪ" የሚል ማዕረግ ሰጥተው ጠረጴዛዋን ኮሪደር ላይ፣ ፎቶ ኮፒው አጠገብ አወጡት። ኩባንያው የሰጣትን መኪና ቁልፍም ተረከቧት። በቀልዷ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ የነበሩ ባልደረቦች ሲያልፉ ስልካቸውን ያዩ ጀመር። የቆመም ካለ "ምን ሆነሽ ነው ግን?" ብሎ መልሱን ሳይሰማ ይሄዳል።

ኮሪደር በወጣች በሁለተኛው ቀን፣ መውጫ ሰዓት ላይ ክቡር ምዕራፍ ያቺን አንድ ወንበራቸውን ተሸክመው መጡ። ጠረጴዛዋ ፊት አስቀመጧትና ተቀመጡ። አላጽናኗትም። አላመሰገኗትምም።

"ይኼ ምዕራፍ ተዘጋ" አሉ።

"ጋሼ፣ በእናትዎ፣ ዛሬ አይሆንም።"

"ከዚህ በኋላስ?"

"ከምን በኋላ?"

"መኪናውን ወስደውብሻል። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ማን ያደርሳቸዋል?"

ቁልፉን ከተረከቧት ወዲህ የምታስበው ይህንኑ ነበር፤ የጠየቃት ግን የለም።

"እኔ አደርሳችኋለሁ" አሉ ክቡር ምዕራፍ። "በእናንተ ሰፈር በኩል ነው የማልፈው።"

በእነሱ ሰፈር በኩል አያልፉም። ቤታቸው ከከተማው ሌላኛው ጫፍ ነው፤ እሷም ታውቃለች፣ የግቢው ዘበኛም ያውቃል። ፊቷን ወደ ፎቶ ኮፒው አዙራ የሌለ ወረቀት ስታስተካክል ቆየች።

"እስከ መቼ ጋሼ?"

ክቡር ምዕራፍ ተነሥተው ወንበራቸውን አነሡ። ለሾርባ እንኳ የማብቂያ ቀን የሚጠይቁት ሰውዬ ወዲያና ወዲህ አዩ፤ የሚሰማ ሰው አለመኖሩን ሲያረጋግጡ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እሱን እናያለን" አሉ።