ጣት የሚያወጣው ጭስ

አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ የሚፈርመው ማን እንደሆነ መቼም ታውቃላችሁ፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነው። እንግዲህ ጎንደር ላይ ዳዊት የደገመ፣ ቅኔ የተቀኘ፣ ነጭ ጥምጣም የጠመጠመ ካህን ይዛችሁ «ጣትዎን ይንከሩ» በሉና ጉዳችሁን እዩ። ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እኛ ይህንንም አየን።

ያን ጊዜ የደብራችን ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ማለዳ በቤተ ክርስቲያኑ በር ሥር ስም የሌለው ወረቀት ተገኘ። አለቃችን ቅዳሴ ላይ እንደሚያንኮራፉ፣ የደብሩንም መሬት ለሚስታቸው ወንድም እንደሰጡ ይዘረዝራል። ስድቡ እንዴት ያማረ መሰላችሁ! ጣጣውም የመጣው ከማማሩ ነው። በከተማው እንዲህ አሳምሮ የሚሳደብ የቅኔው መምህር መሪጌታ ላቀው ብቻ ናቸው ተባለ። አለቃም ማስረጃ ከተገኘ ከማስተማሪያ ወንበራቸው ነቅለው ወደ ተወለዱበት ወደ ኮሶዬ ሊሰዷቸው ማሉ። መሪጌታ ስድስት ልጅ የሚያሳድጉ ሰው ናቸው፤ እኔ በፍርሃት እህል አልበላ አለኝ።

ከአዲስ አበባ አንድ መርማሪ መኮንን ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጣ። ወረቀት የነካ ሰው የጣቱ ወዝ እዚያው እንደሚቀር፣ አዮዲን በጠርሙስ ሲሞቅ የሚወጣው ጭስም ወዙን ቡናማ አድርጎ እንደሚያሳይ አስረዳን። ለማመሳከር ግን አስቀድሞ የሁላችንንም ጣት በቀለም ማተም ነበረበት። መሪጌታ ጥምጣማቸውን አስተካከሉ።

«ምነው ልጄ፣ እኔኮ መጻፍ አውቃለሁ» አሉት።

«ያስጠረጠረዎም እሱ ነው፣ አባቴ» አላቸው።

ወረቀቱ ሲታጠን ጣት እንደ አሸን ፈላበት። ከጣቱ መሀል ደግሞ መኮንኑ በትምህርቱ ያላገኘው ሰፋፊ እድፍ ብቅ አለ። ለካ ጽሑፉ «በስመ አብ» ብሎ ስለሚጀምር፣ እጁ የገባው ሁሉ እየተሳለመ ግንባሩን ሲያስነካው ከርሟል። አለቃ ራሳቸው ሦስት ጊዜ መሳለማቸውን አመኑ። የገዛ ስድባቸውን ማለት ነው። መኮንኑ ምልክቱ ሳይጠፋበት እየተጣደፈ ፎቶ አነሳ፤ ለግንባርና ለከንፈር ግን መዝገብ አልነበረውም።

የመሪጌታ ጣት የትም አልተገኘም። ነጻ ናቸው ተብሎ ተጻፈላቸው፤ አለቃም ካህናቱ በተሰበሰቡበት ይቅርታ ጠየቋቸው። የእኔ ጣት ዘጠኝ ቦታ ተገኝቷል፤ ጸሐፊ ወረቀት ቢነካ ማን ይገረማል?

መኮንኑ አልተሳሳተም፤ መሪጌታ ያንን ወረቀት በጣታቸው ጫፍ እንኳ አልነኩትም። የቅኔ መምህር ድሮስ ሲቀኝ መቼ ብዕር ይዞ ያውቃል? እሳቸው ግድግዳ ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በቃል አወረዱት፤ እኔ በግራ እጄ ጻፍኩት።